የኮምቦልቻው ዕንዚራ

መሪጌታ ፈንታሁን የልጃቸውን መርዶ የሰሙት ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ከፊት ቀድሞ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እሳቸው ራሳቸው በስንቱ ሰው ደጅ እንዲያ ቆመው ያውቃሉ። ለእሳቸው ግን የነገራቸው ክራንች የተደገፈ አንድ ጎረምሳ ወታደር ነበር።

ወታደሩ የሱፍ ይባላል። ከልጃቸው ከብሩ ጋር በአንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው፣ አብረው ሠልጥነው፣ ሰሜን ግንባር አንድ ምሽግ ውስጥ ከርመዋል። እግሩን ተመትቶ ከሆስፒታል ሲሰናበት፣ ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት በሚያውቀው ሾፌር ወደ ደሴ መልእክት ላከ፤ መሪጌታም የልጃቸውን ሰላምታ የሚሰሙ መስሏቸው ከደሴ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወረዱ። የሱፍ ብዙ አላወራም። ብሩ እቅፉ ውስጥ እንዳረፈ፣ ብዙ እንዳልተሠቃየ ተናግሮ አቀረቀረ።

«ወላሂ አባቴ፣ እንደ እናቴ ልጅ ነው የቀበርኩት» አለ።

መሪጌታ አላለቀሱም። ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ፤ ስለ እግሩ ጠየቁት፤ ግንባሩን ስመው አውቶቡስ ላይ እስኪወጣ ክራንቹን ያዙለት። ወደ ደሴ የሚመለሰው መኪና ፊት ቆመው መግባት ያቃታቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ባለቤታቸው አባይነሽ አለች። ከወለደቻቸው ሁሉ ያደገላት ብሩ ብቻ ነበር። የፈተለችለት ጋቢ ከሸማኔ ቤት ወጥቶ ሣጥን ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሰሜን ብርድ ነው እያለች የሚያደርስላት ሰው ታፈላልጋለች። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ሳይመጣ ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ በዚያ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ቀበሌን አያስደስትም። መሪጌታን ያስፈራቸው ግን ቀበሌው አልነበረም። «ብሩ ሞተ» የሚለው ቃል ከራሳቸው አፍ መውጣቱ ነበር።

እንዲያ ቆመው ሳለ ሰማዩ ጠቆረና የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ነጠላቸውን ጥምጥማቸው ላይ ደርበው ባገኙት መንገድ ሮጡ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ካለች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ጣሊያኖች መንገድ ሲሠሩ ያነጿት ናት። የከተማው ሰው «የካቶሊኮቹ ቤት» ይላታል። ቀበሌው አንድ ጊዜ ለስብሰባ አዳራሽ ሊወስዳት አይቷት፣ ጠባብ ሆነችበትና ተዋት።

ድምፁ ከውስጥ ሲመጣ መሪጌታ መጀመሪያ ነፋስ መሰላቸው። ቀጥሎ ዋሽንት አሉ። አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ተነሥቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳይጨርስ ሌላ ድምፅ ያንኑ ነገር ዝቅ ብሎ ጀመረው። የመጀመሪያው ግን ዝም አላለም፤ ሌላ ወሬ ይዞ ቀጠለ። ሦስተኛ ገባ። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ጆሯቸው ሳይፈልግ ሥራውን ያዘ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን የግራውና የቀኙ መዘምራን ይቀባበላሉ፤ አንዱ ሲል ሌላው ይጠብቃል። እነዚህ አይጠባበቁም፣ ግን አይጋጩም። ይህ እንዴት ይሆናል ብለው ሲያስቡ፣ ከሁሉ በታች አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሣ። የተደገፉት ግድግዳ ተንዘረዘረ። ደረታቸው ውስጥ ገባ።

እንባቸው ያን ጊዜ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሰው አይሰማኝም ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ዜማው ሲያልቅ አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው በሩን ከፍቶ ወጣ። የግቢው ዘበኛ ኑርሁሴን ነው። ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ሲንሰቀሰቁ ሲያይ ምን ሆኑ ብሎ አልጠየቀም። ውሃ በጣሳ አምጥቶ ሰጣቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«አብሽሩ፣ አባቴ» አላቸው። «አብሽሩ።»

የምትጫወተውን ሴት ያስተዋወቃቸው እሱ ነው። ፀሐይነሽ ትባላለች፤ አምሳውን ያለፈች፣ ረጅም፣ ጣቶቿ በቁርጥማት የተጣመሙ ሴት ናት። አባቷ መልኩን ያላየችው ጣሊያን ነው፣ እናቷ የዚያው የቃሉ ወረዳ ሰው። መነኮሳት አሳድገው፣ ስፌትና ይህን ዕቃ አስተማሯት። እነሱ አገር ለቀው ሲወጡ እሷ ቀረች። አሁን ልብስ እየሰፋች ትኖራለች፤ ለእሁድ ቅዳሴ ሐሙስ ሐሙስ ትለማመዳለች። ኦርጋን እንደሚባል፣ በአንድ የጣሊያን ገጠር ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ በመርከብ አሰብ፣ ከአሰብ በከባድ መኪና ኮምቦልቻ እንደደረሰ ነገረቻቸው። መሪጌታ በበሩ አሻግረው አዩት፦ ከረጅሙ እስከ አጭሩ የተደረደሩ የቆርቆሮና የእርሳስ ቧንቧዎች፣ ከጎናቸው ኑርሁሴን የሚያናፋው ትልቅ የቆዳ ወናፍ። የአንጥረኛ ወናፍ መሰላቸው። በየማለዳው በሚደግሙት ጸሎት ውስጥ ዕንዚራ የሚል ቃል አለ። ምን እንደሚመስል መምህራቸውም አያውቁም ነበር፤ እሳቸውም ለተማሪ «የዜማ ዕቃ ነው» ብለው ነው የሚያልፉት። ይህ ይሆን እንዴ አሉ በሆዳቸው።

ደሴ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። አባይነሽ የልጇን ወሬ ጠየቀች። መልእክት ላከ የተባለውን ሰው አጣሁት አሏት።

ያን ውሸት ከተናገሩ በኋላ ድምፃቸው ተዘጋ። ሲናገሩ ደህና ነው፤ ዜማ ሊያነሡ ሲሉ ግን ትንፋሻቸው ከጉሮሯቸው አያልፍም። ጉንፋን ነው ብለው ተማሪዎቹን በመቋሚያቸው መሬት እየመቱ ማረም ያዙ። ሐሙስ ሲመጣ ግን እግራቸው ወደ መናኸሪያ ሄደ። ኮምቦልቻ የታመመ ወዳጅ አለኝ አሉ ለቤታቸው። በቀጣዩም ሐሙስ እንዲሁ።

መጀመሪያ በረንዳው ላይ ብቻ ይቀመጡ ነበር። ቀጥሎ ጫማቸውን አውልቀው ደፉን ተሻገሩ። ፀሐይነሽ ጫማ ማውለቅ በዚህ ቤት ደንብ እንዳልሆነ ብትነግራቸው፣ ኑርሁሴን ሳቅ ብሎ የራሱን ባዶ እግር አሳያት፤ እሱም የእግዜር ቤት ውስጥ በጫማ መቆም አልሆነለትም ነበር።

መሪጌታ ያልገባቸውን ከመጠየቅ አላፈሩም። ከሁሉ ያስቸገራቸው ዜማው ቃል የሌለው መሆኑ ነው።

«የእኛ ዜማ ቃሉን ይሸከማል» አሏት አንድ ቀን። «የዚህ ቃሉ የት አለ?»

ፀሐይነሽ የያዘችውን አቁማ አሰበች። ከዚያ በቀኝ እጇ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ዜማ ነጥላ አወጣችላቸው። የጀርመን ምእመናን የሚዘምሩት የቆየ መዝሙር እንደሆነ፣ ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት የኖረ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ይህን መዝሙር ወስዶ በዙሪያው ሌሎቹን ድምፆች እንደሠራ አስረዳቻቸው። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ሲሰማ በልቡ ይለዋል።

«ሊሞት የቀረበ ሰው ጸሎት ነው» አለች። «መንገዱን አላውቀውምና እጄን ይዘህ አሻግረኝ ነው የሚለው። ያ ከታች የሚሰማው ወፍራሙ ደግሞ፣ እኔን ያስተማሩኝ እናት መነኩሲት የሚሄድ ሰው እግር ነው ይሉ ነበር። ልብ ብለው ይስሙት፤ አይቆምም።»

መልሳ ሁሉንም ስትጫወተው መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከሚያስተምሯቸው ሦስት የዜማ ዓይነቶች ግዕዝ ነው እንዳይሉ አይደለም፤ ዕዝልም አይሉት። ግን ልብን የሚያራራው አራራይ የሚያደርገውን ያደርጋል። የዘረጋውን ዜማ እያጠፈ፣ ያጠፈውን እያቃና፣ ትልቁን ሐዘን በሥርዓት ይዞታል። ይህን የሠራ ሰው ልጅ ሳይቀብር አልቀረም አሉ። እግሩን ሰሙት። ብሩ በማያውቀው አገር፣ ብቻውን ሲሄድ ታያቸው፤ ከላይ ያ መዝሙር አብሮት ሲሄድም ታያቸው። ስለ ልጃቸው ለሁለቱም የነገሯቸው በዚያ ቀን ነው። ፀሐይነሽ እጃቸውን ያዘች። ኑርሁሴን ዱዓ አደረገ። ቀጥሎም ለእናቱ አለመንገር ደግ እንዳልሆነ ቀስ ብሎ አነሣባቸው፤ መሪጌታ አላስተባበሉም።

በቀጣዩ ሐሙስ ኑርሁሴንን ትከሻው አሞት አገኙት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የወናፉን እጀታ ራሳቸው ያዙ። ሥራው ቀላል አይደለም። ከቸኮሉ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከዘገዩ ይከስማል። እኩል ሲያናፉት ግን ቧንቧዎቹ በእሳቸው ጉልበት ይተነፍሳሉ፤ በጉሮሯቸው የታፈነው ትንፋሽ በክንዳቸው ወጥቶ እዚያ ላይ ዜማ ይሆናል። ላባቸው ከእንባቸው ጋር ይወርዳል፣ አይጠርጉትም።

አባይነሽ በሩ ላይ የቆመችው እንዲያ ሳሉ ነው።

ደሴ ፒያሳ ላይ የሚነግድ የሰፈር ሰው ለዕቃ ኮምቦልቻ ወርዶ መሪጌታ የካቶሊኮቹ ቤት ሲገቡ አይቶ፣ ወሬው በሰፈራቸው በቧንቧ ውሃ ተዳርሶ እሷ ጆሮ ገብቶ ነበር። ባሌ ሃይማኖታቸውን ለወጡ ብላ፣ ለማንም ሳትናገር፣ በማለዳው አውቶቡስ ተከትላ ወረደች። በሩን ስታልፍ ልትናገረው የተዘጋጀችው ብዙ ነበር። ያየችው ግን ጥምጥማቸው የላላ፣ ወገባቸውን የታጠቁ ባሏን ነው፤ እያለቀሱ ወናፍ የሚያናፉትን። መሪጌታ አዩዋት። እጀታውን ሊለቁ አሰቡ፤ ዜማው መሐል ላይ ነውና አልለቀቁትም። አባይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማች።

ድምፁ ሲያልቅ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ለታመመ ወዳጅ እንዲህ አይለቀስም» አለች። «ብሩ ነው?»

መሪጌታ ያን ቃል ለመናገር ሳምንታት ሲፈሩ ኖረዋል። አሁን እሷ ግማሹን ተሸከመችላቸው።

«ብሩ ነው፣ አባይ» አሏት። «የነገሩኝ ሰውየውን አጣሁት ያልኩሽ ዕለት ነው። ልነግርሽ አቃተኝ።»

አባይነሽ እጆቿን ራሷ ላይ ጭና አጎነበሰች። ፀሐይነሽ ከወንበሯ ዘላ ከበስተኋላ ደገፈቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ወለሉ ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። አባይነሽ ስታለቅስ ድምፅዋ ያን ሁሉ ቧንቧ የሞላ መሰለ። ብዙ ቆይታ፣ ለምን ብቻዎን አለቀሱት፣ ለምን እኔን ጋቢ አስጣጠፉኝ ብላ ባሏን ወቀሰች። መሪጌታ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ኑርሁሴን የግቢውን በር ዘግቶ ሰው እንዳይገባ ውጭ ቆመ፤ ማታ ደግሞ እስከ ደሴ ድረስ አብሯቸው ሄደ።

ወረቀቱን አልጠበቁም። ለቅሶው ቧንቧ ውሃ እቤታቸው ተቀመጠ፤ ቀበሌውም አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ከሊቀ መንበሩ ዘመዶችም ልጅ የዘመተባቸው ነበሩ። ፀሐይነሽ ጥቁር ነጠላ አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። የሱፍም በክራንቹ መጣ፤ አባይነሽ የብሩን ጋቢ ከሣጥኑ ላይ አንሥታ እሱን አለበሰችው። ለጸሎተ ፍትሐት ካህናቱ ሲሰበሰቡ፣ ሌላ መሪጌታ እንዲመራ ታስቦ ነበር። ፈንታሁን ግን እኔ ነኝ የምመራው አሉ። ሲጀምሩ ድምፃቸው ሻከረ፤ ሁለተኛውን ቤት ሲደርሱ ጸና።

ሰው ሲበተን የደብሩ አለቃ ለብቻቸው ጠሯቸው። አለቃ ሽማግሌ ናቸው፣ ፈንታሁንን ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል።

«ካቶሊክ ቤት ትመላለሳለህ ይሉኛል» አሉ።

«እውነት ነው። አልቆረብኩም፣ ማተቤንም አልፈታሁም። ልጄን ሳለቅስ ነበር።»

አለቃ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልቅሶህ አለቀ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ሲያልቅልህ ትነግረኛለህ» ብለው ሄዱ።

መሪጌታ ማለቁን ነግረዋቸው አያውቁም፤ አለቃም ዳግመኛ አልጠየቁም። መስከረም ሲጠባ፣ ጦርነቱ ወደ ወሎ እየተጠጋ መንገዱ በወታደር መኪና ቢሞላም፣ ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱ ባልና ሚስት ሐረጎን አብረው ይወርዱ ነበር። መሪጌታ የኑርሁሴንን ትከሻ ያሳርፋሉ። አባይነሽ ስለ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ብዙም አልገባትም፤ የሰማያት ነገር ነው ብላ ለባሏ ትተወዋለች። ወፍራሙን ግን ወደደችው። ብሩ ከውጭ መጥቶ ደጅ ሲደርስ፣ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርገው እንዲያ ነው ትላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከረጅሙ ቧንቧ ሥር ነው፤ ፀሐይነሽም ስትጀምር ዞር ብላ ቦታዋን መያዟን ታያለች።