የሦስተኛው ድንኳን ስም

በዞናችን ፍላቪያ የሚባል ሰው ሦስት ነው። ሦስታችንም የታወቅን ነን፤ ያሳወቀን ግን ሥራችን ሳይሆን ስማችን ነው። ባቲ ወርዳችሁ «ፍላቪያ የታለች?» ብትሉ ያገኛችሁት ሰው ጤና ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ አዋላጇ ናት። ሰንበቴ የከብት ገበያ ገብታችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ጢሙን ያጎፈረ፣ ድምፁ ገበያውን የሚሞላ ደላላ ያሳዩአችኋል። አዎ፣ ወንድ ነው። ስሙ የሴት መሆኑን ያወቀው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አንድ ፈረንጅ ግመል ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ ስሙን ሲሰማ ሳቀበት። እሱም «እንግዲህ አንዴ ወጥቶልኛል፣ ምን ላድርግ» ብሎ ቀጠለ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከሚሴ፣ መነኸሪያው ጀርባ ዩኒፎርም የምሰፋው።

ስሙ የጥንት ሮማውያን ነው አሉ። ይህን ያጣራችው የባቲዋ ናት፤ የተማረች ስለሆነች። ትርጉሙ ፀጉረ ወርቃማ እንደማለት ነው ብላ ስትነግረኝ ሻሼን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ስም ሳስረዳ ኖርኩ። ትምህርት ቤት አስረዳሁ፣ ቀበሌ አስረዳሁ፣ ሳገባ ቃዲውን አስረዳሁ፣ ስፈታም ደግሜ አስረዳሁ። አምና የፋይዳ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ መዝጋቢዋ «ክርስቲያን ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «አይደለሁም» አልኳት። «ታዲያ?» አለች። «ታዲያማ ያው ነው፣ ጻፊ» አልኳት። ደክሞኛል፣ ወላሂ።

ግን ስሙን ጠልቼው አላውቅም። ያሳደገችኝ ፋጡሜ ናት፣ አላህ ይዘንላት። ባሏ አብደላ የሞተባት፣ ልጅም ያልነበራት ሴት ነበረች። በሰባ ሰባቱ ርሃብ ባቲ መጠለያ ውስጥ ውሃ እየቀዳች ትሠራ ነበርና፣ መጠለያው ሲዘጋ ሰው ያልመጣልኝን እኔን ይዛ ወደ ከሚሴ መጣች። እጄ ላይ የታሰረችውን ላስቲክ አንድ የተማረ ሰው አነበበላት፤ «ፍላቪያ» ይላል አላት። እኔ የነበርኩበት ድንኳን ፈረንጅ ነርስ ስም መሆኑን ፋጡሜ ታውቃለች። «ሲስተሯ ከልጆቹ ሁሉ አስበልጣ ስለወደደችሽ የራሷን ስም ሰጠችሽ» ትለኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጆች ወላጅ የላትም ሲሉኝ ይህን ነበር የምመልስላቸው። እኔ የተወደድኩ ነኝ፣ ስም የተሰጠኝ ነኝ እላቸዋለሁ።

በኋላ ከሁለቱ ጋር ስንተዋወቅ፣ ለካ የባቲዋንም «ከሁሉም አስበልጣ ወደደችሽ» ብለዋት ኖሯል። ደላላውንም እንዲሁ። እኔ በሆዴ «ሁለቱን ለማጽናናት ብለው ነው የነገሯቸው፤ እውነተኛዋ እኔ ነኝ» አልኩ። እነሱም በሆዳቸው ይህንኑ እንዳሉ አልጠራጠርም።

በእኛ አገር ሴት ስትጠራ «እመት»፣ ወንድ ሲጠራ «አቤት» ነው መልሱ። በቤታችን ወንድ አልነበረም። ፋጡሜ ስትጠራኝ «እመት» እላታለሁ። «አቤት» የምለው አባት ግን አልነበረኝም፤ የጎረቤት ልጆች ለአባታቸው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ያው መስማት ብቻ።

ከዚህ በፊት ልጃችን ትሆኚ እንደሆን ብለው የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱንም ጊዜ ቤት አጽድቼ፣ ዶሮ አርጄ፣ አዲስ ልብስ ለብሼ ጠበቅኋቸው። ሁለቱም አይተውኝ «አይደለችም» ብለው ሄዱ። በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ ተስፋ እንዳላደርግ ለራሴ ቃል ገባሁ።

እና ባለፈው መስከረም፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ክምር ዩኒፎርም ፊቴ ተቀምጦ ሳለ የባቲዋ ደወለች።

«ፍላዬ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ አንቺ እየመጡ ነው።»

«ለምን ላክሽብኝ?»

«ልጃቸውን ነው የሚፈልጉት። እኔ እዚያው መጠለያ ውስጥ የተወለድኩ ነኝ፣ እናቴም ስትወልደኝ እንደሞተች የታወቀ ነው። የእሳቸው ድክ ድክ የምትል ነበረች። የሰንበቴው ደግሞ መቼም…»

«ጢም አለው።»

«እህ። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ስልኩን ዘግቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። ጉልበቴ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ውሎ ዝሏል፤ የከሚሴ ሙቀት ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ቤት አላጸዳሁም፤ ዶሮም አላረድኩም።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ቆብ፣ ከዘራ፣ በእጃቸው የተጣጠፈ ፌስታል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጂርታ፣ ኢንታላ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነሽ፣ ልጅት ማለታቸው ነው።

«ወዓለይኩም ሰላም። ዩኒፎርም ከሆነ ልጁን ይዘው ይምጡ፤ ሳልለካ አልሰፋም» አልኩ ቀና ሳልል። ማን እንደሆኑ አውቄያለሁ።

«ልጁን አይደል ያጣሁት» አሉ፤ ቆመው ቀሩ።

አፈርኩ። የሚቀመጡባት ዱካ ሰጠኋቸው፣ ውሃ ቀዳሁላቸው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ጨረሱና መናገር ጀመሩ።

«ቃሲም እባላለሁ፣ የአርጡማ ሰው ነኝ። በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች ይዤ ባቲ ገባሁ። እናታቸው መንገድ ላይ ቀረች። ወንዱ ሙሀመድአሚን አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሴቷ ገና መሄድ መጀመሯ ነው። ሲስተር ፍላቪያ የሚሏት ፈረንጅ ድንኳን ውስጥ አስገቡን። ልጅቷ ተቅማጥ ያዛትና ለብቻ አስተኟት። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራ መኪና መጣ። ልጄ ታማለች አልኩ። ውጣ፣ እሷ ትከተልሃለች አሉኝ።»

«ተከተለች?» አልኳቸው፣ መልሱን እያወቅኩ።

«ወለጋ እስክንገባ ድረስ ከኋላችን የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ። የለችም።»

ንዴት መጣብኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ለእንዲህ ያለ ሰው የምናገረውን ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። «ከዚያስ አያ ቃሲም? አርባ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ደብዳቤ አስጻፍኩ። ከሰፈራው መውጣት አይቻልም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሰው ላክሁ፤ መጠለያው ፈርሷል፣ የቀሩት ልጆች ሞተዋል ብሎ መጣ። አልቅሼ ሰደቃ አወጣሁላት። ካቻምና ከወለጋ ተፈናቅለን መጣን፤ ባቲ ገበያ ላይ ፍላቪያ የሚባሉ ሰዎች አሉ ሲሉ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ሲስተሯ እጅ ላይ ስትቀር የራሷን ስም አውጥታላት ይሆናል አልኩ።»

«ልጅዎ ምልክት አላት?»

አሰቡ። «ርሃብ ነበረባት። ሌላ ምልክት አላየሁም።»

አንጀቴን በሉት። ያንን ቃል ለራሴ የገባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ግን ዓይኔ አላርፍ አለ፤ እጃቸውን አየሁ፣ ጆሯቸውን አየሁ። ጆሯቸው ወጣ ያለ ነው። የእኔም ወጣ ያለ ነው። የስንት ሰው ጆሮ ወጣ ያለ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ልቤ ግን ዘሎ ሄዷል፣ ማን ይመልሰው።

«ስሟ ዓፊያ ነበር» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ በስሟ ብጠራሽ ይከፋሻል?»

«ይከፋኛል» አልኩ። «እኔ ፍላቪያ ነኝ። ሲስተሯ ወዳኝ የሰጠችኝ ስም ነው።»

አልተቀየሙም። ፌስታሉን ፈታ ፈታ አድርገው አንዲት ቢጫ የሆነች ላስቲክ አወጡ፤ እጅ ላይ የምትታሰር፣ በመቀስ የተቆረጠች። «መጠለያው ውስጥ መኖሬን እንድታምኚ ነው ያመጣሁት። እኔ ማንበብ አልችልም።»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ቁቤም፣ የኦሮምኛውን የላቲን ፊደል፣ በማታ ትምህርት ተምሬያለሁ። ፊደሉ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ስሜ ነበር። ፍላቪያ፣ ከጎኑ ሦስት ቁጥር።

ላስቲኩን ወደ ብርሃኑ ይዤ ደግሜ አነበብኩት። «ይሄ የእሷ ነው? የልጅዎ?»

«አይደለም። የሙሀመድአሚን ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት።»

«የወንዱ?»

«የወንዱ።»

ተነስቼ ከጓዳ የፋጡሜን ሳጥን አመጣሁ። የእኔም ላስቲክ እዚያ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልኝ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዩኒፎርሙ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንድ ናቸው። ያው ስም፣ ያው ሦስት ቁጥር፣ ያው እጅ ጽሑፍ።

አያ ቃሲም ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩ። ማንበብ ባይችሉም አንድ መሆኑን ማየት ይችላሉ። «ሁላችንም ላይ አስረውብን ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ይጠፋል፤ የጠፋውን ወደ ድንኳኑ የሚመልሱት በዚህ ነበር። የእሷ ድንኳን ሦስተኛው ነው። እኔም ነበረኝ፤ መኪናው ላይ ስንወጣ ቆረጡልኝ። ምን ይላል ነው የምትዪኝ?»

«ፍላቪያ ይላል።»

«እንግዲያው እኔም ፍላቪያ ነበርኩ» አሉ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ጠፋ።

እኔ አልሳቅኩም። ስሙ የእኔ አልነበረም። የድንኳኑ ኃላፊ ስም ነው፤ ዕቃ ላይ የማን እንደሆነ እንደሚጻፈው ማለት ነው። እዚያ ድንኳን የገባ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ እጁ ላይ ፍላቪያ ታስሯል። ወላጅ የመጣለት ላስቲኩ ተቆርጦለት ወደ ስሙ ተመልሷል፤ መሐመድ መሐመድ ሆኗል፣ ሐዋም ሐዋ። ስሙን ይዘው የቀሩት ሰው ያልመጣላቸው ብቻ ናቸው። እኔ፣ የባቲዋ፣ ደላላው። አርባ ዓመት በኩራት የተሸከምኩት ማንም አልመጣላትም የሚል ጽሑፍ ነበር።

እንባዬ መጣ። ዩኒፎርሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ጎን ዞርኩ። ፋጡሜ ላይ ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ፤ ምስኪን፣ ምን ታድርግ፣ ለልጇ የምትሰጠው ታሪክ ይሄ ብቻ ነበር።

አያ ቃሲምም ገብቷቸዋል። ትከሻቸው ወረደ። «በስሙ አይደለም ማለት ነው» አሉ። «ዓፊያ የትም ልትሆን ትችላለች። ከመሬት በታችም።»

«አዎ» አልኩ። «እኔም ማንም ልሆን እችላለሁ።»

የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ተጠራ፤ እሳቸው መስጊድ ሄደው ሰገዱ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ሰገድኩ። ሶላቴን አሰላምቼ ስጨርስ ስልኬ ጮኸ። የባቲዋ ናት።

«እሺ? ናቸው?»

«አላወቅንም።»

«እንዴት አላወቃችሁም? ሌላ የነገሩሽ ነገር የለም?»

ላስቲኮቹን አየኋቸው። እሷ አዋላጅ የሆነችው ሲስተሯን ልትመስል ብላ ነው፤ ይህን ለሁሉም ሰው ስትናገር ሰምቻለሁ። «የለም» አልኳት። «ሲስተሯ ደግ ሰው ነበረች አሉኝ።»

«እሱንማ እኛም እናውቃለን» አለችና ዘጋች።

አያ ቃሲም ሀርቡ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ነው የተጠለሉት። ከመስጊድ መጥተው ላስቲካቸውን ሲይዙ፣ መነኸሪያው ቅርብ ስለሆነ ልሸኛቸው ወጣሁ። መንገዱ ላይ ባጃጁ፣ ሽንኩርት የጫነው ጋሪ፣ ጩኸቱ፤ በመካከሉ እሳቸው እግራቸውን እየጎተቱ፣ እኔ ጉልበቴን እየያዝኩ። ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም ነበር። ከዚህ በኋላ የት ይፈልጉ ይሆን ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ የሚፈልጉበት ቦታ እንዳለቀባቸው አካሄዳቸው ይናገራል።

ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ላስቲኩን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «አንቺ ጋ ይሁን። እኔ ከእንግዲህ የማሳየው ሰው የለም።»

ረዳቱ «ሀርቡ፣ ኮምቦልቻ» እያለ ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጥግ አስቀመጣቸው። እኔ «በሰላም ይግቡ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሱቁ ክፍት ነው፣ ዩኒፎርሙ አላለቀም፣ ሰው እየጠበቀኝ ይሆናል እያልኩ አሥር እርምጃ ያህል ሄድኩ።

«ዓፊያ» አሉ ከኋላዬ።

ጮክ ብለው አይደለም። ርቃ የምትጫወት ልጅን ወደ ቤት እንደሚጠሩት ነው የጠሩት። አላስፈቀዱኝም። አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው የእኔን ጀርባ እያዩ እንደሆነ ሳልዞር አውቄዋለሁ።

ዓፊያ ላልሆን እንደምችል እሳቸው ያውቃሉ። ልሆን እንደምችልም ያውቃሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ደግሞ የማይታወቅ ነገር ላይ ልቤን ልጥል ነው፣ ደግሞ ልወድቅ ነው፣ ደግሞ ሦስት ቀን ልተኛ ነው ብዬ አሰብኩ። እግሬ ግን ቆሟል።

ዞርኩ።

«አቤት፣ አባ» አልኩ።

እጃቸውን በመስኮቱ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ጁምዓ እመጣለሁ» አሉ።

«ይምጡ» አልኳቸው። «ቤቱን አጸዳለሁ።»