መጣሁ የሚለው ገጽ

ሰፈሩ ቀለሟ እያለ የሚጠራት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ፣ አርባ ዓመት አልፏት፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ የስልክ መተግበሪያ ገጽ መንደፍ መማር ጀመረች። ለመለማመጃ በመጀመሪያ የአየር ጠባይ የሚያሳይ ገጽ፣ ቀጥላም የሙዚቃ ማጫወቻ ገለበጠች። የሰው ሥራ መገልበጥ ግን አልጣማትም።

"አሁን ደግሞ ለምታውቁት ሰው ሥሩ" አላቸው መምህሩ።

ያን ጊዜ አባቷ ትዝ አሏት። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበታቸውም ተሳስሯል። ሹፌር ሳሉ ድምፃቸው ከመኪናው ጥሩምባ ይበልጣል ይባል ነበር፤ ዛሬ ሰው ሲፈልጉ ግድግዳ በከዘራ ይመታሉ።

አራት ትልልቅ ቁልፎች ነደፈችላቸው፦ ውሃ፣ ብርድ፣ ሕመም፣ ነይ። "ነይ" ሲነካ አረንጓዴ ገጽ ይመጣና "እሺ አባባ፣ መጣሁ" ይላል።

አሮጌ ስልኳ ላይ ጭና ሰጠቻቸው። በደህናው እጃቸው ነኩት፤ አነበቡትና ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲስቁ ካየች ስንት ጊዜዋ! "ሥዕል ብቻ ነው፣ ማንንም አይጠራም" ልትላቸው ብላ ተወችው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ተኛች።

በማግስቱ አልነገረቻቸውም። ስልኩን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ትታቸው ሄደች። መምህሩ ሥራዋን ለክፍሉ አሳየ፤ ተማሪው አጨበጨበላት። እየበረረች ቤት ስትገባ ታናሽ ወንድሟን አንሶላ ሲያጥብ አገኘችው።

"አባባ ምን ሆኑ?"

"ከአልጋ ወድቀዋል። እኔ እዚሁ ሳሎን ነበርኩ! ግድግዳውን አንዴ ቢመቱ እኮ እሰማ ነበር።"

ገብታ አየቻቸው። ግንባራቸው አብጧል፣ ስልኩ እጃቸው ውስጥ ነው። ጠርተው፣ መጣሁ ተብለው፣ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሽንታቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ብቻቸውን ሊነሱ ሞክረዋል።

"አባባ፣ የውሸት ነው" አለች ተንበርክካ። "ለመለማመጃ የሠራሁት ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

 እሳቸው ስልኩን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ከዘራውንም አላነሱም። ቀለሟ ራሷ ቶሎ ቶሎ እየገባች "ጠማዎት? በረደዎት?" ትላቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።