የመዓዛ ቅዳሜዎች

ባልየው አቶ ንዋይ ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሚንሰቀሰቀው እንግዳው ነበር። መዓዛ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቨርጂኒያ ስካይላይን ሰፈር ወዳለው የባልና ሚስቱ ቤት ለቅሶ ለመድረስ የመጡት ሴቶች እንኳ መሐረባቸውን አጥፈው ሲያበቁ፣ ኪራኮስ የተባለው ታክሲ ነጂ አላባራም። አቶ ንዋይ ዓይናቸውን ከእርሱ አልነቀሉም። ይህን ያህል ምኑ ነበረች?

መዓዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ትወጣ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትሠራበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል፣ የጤና ኢንሹራንስ የሌላቸውን ልጆች እንደምታስመዘግብ ተናግራለች። ስልክ ሲደወልላት ግን በረንዳ ወጥታ «እሺ ኪራኮስ፣ ወረድኩ» ስትል ሰምተዋታል። መጠየቁን ኩራታቸው አልፈቀደም።

ዛሬ ወንበራቸውን ወደ ሰውየው አስጠጉ።

«ከባለቤቴ ጋር በምን ተዋወቃችሁ?»

«በልጄ ነው፣ ጋሼ። አስም አለባት። እኔ ኪራኮስ መንገሻ፣ እሷ ዮሐና ኪራኮስ፤ የቤተሰብ ስማችሁ አይገጥምም ብለው የኢንሹራንስ ቢሮው ሰዎች ቅጿን ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። እትዬ መዓዛ የአገራችንን የስም ወግ በደብዳቤ አስረድተው አስጨረሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በየወላጁ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ።»

«ለምን አንተ?»

ኪራኮስ አቀረቀረ። «እርስዎን ጠይቀው እምቢ እንዳሏቸው ነግረውኛል።»

አቶ ንዋይ አስታወሱ። ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ «እንግሊዝኛህ የበሰለ ነው፤ አብረን እንሙላላቸው» ብላቸው ነበር። እርሳቸውም ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያገለገሉት የሰው ቅጽ ለመሙላት እንዳልሆነ መለሱላት። ሰውየው ሚስታቸውን ሰርቋቸው ቢሆን ይቀላቸው ነበር። ቦታውን የለቀቁለት ግን ራሳቸው ናቸው። ቅናታቸው ባሰበት።

በዚህ መካከል ስሂን የምትባል፣ ከዊተን የመጣች ወጣት እናት፣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ቅጽ ብቅ አድርጋ ለኪራኮስ አንሾካሾከች። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል፤ ለቅሶ ቤት ማውጣቱ ነውር ሆኖባት እስካሁን ይዛው ተቀምጣለች።

ኪራኮስ እጁን ዘረጋ። አቶ ንዋይ ቀደሙት።

ከመደርደሪያው የመዓዛን መነጽር አንሥተው አጠለቁ። ጠበባቸው፤ ፊደሉም ደበዘዘባቸው። አላወለቁትም።

«የልጅሽ ስም ማን ነው?» አሉ፣ ብዕራቸውን እየከፈቱ።