የምሕረትአብ ጉልበት

ምሕረትአብ ኳስ ያቆመው በሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ተከላካይ ነበር፤ ከላይ የመጣችን ኳስ ሁሉ በግንባሩ ገጭቶ የሚመልስ፣ ደጋፊው «ቴስታ!» እያለ የሚያብድለት። ሁለት ጊዜ ሜዳ ላይ ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ የአዲስ አበባው ሐኪም «ልጄ፣ ራስህ ላይ ሌላ ምት ከተጨመረበት እኔ አላውቅልህም» አለው። ማልያውን መልሶ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው የአያቱ መንደር ገባ።

አያቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ እንኳን ነፍሱ ተረፈች ብለው አመሰገኑ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። በዚያ አገር እግሩን የተሰበረ ሰው ይነግዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ራሱን ታሟል የተባለ ግን አለቀለት፤ ዛሬ ራሱን፣ ነገ ልቡን፣ ከነገ ወዲያ በገመድ ታስሮ ጠበል። ስለዚህ ለጠየቀ ሁሉ «ጉልበቱን ነው» አሉ። ልጁንም «ከሰው ፊት ስትሄድ ትንሽ አንከስ በል» ብለው አስጠኑት።

ውሸቷ ያዘች። የአንበሳሜው አቶ ደሳለኝ ልጃቸውን ቤዛዊትን ሊሰጡት ቃል ገቡ፤ ገናንም አብረው ሊውሉ መጡ።

ከቅዳሴ መልስ ወንዱ ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዞ መስክ ወረደ፤ የላይ መንደርና የታች መንደር ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ሊያሳድዱ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ የዚያን ቀን የተሰደበ ሰው መሳቅ ግዴታው ነው። የታች መንደሩ ይሻው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ይከርማል። ምሕረትአብ ዳር ቆሞ ሲያየው ዱላውን ወደ እሱ ቀስሮ ግጥሙን አወረደው፦

«ኳስ ሜዳ ላይ ጉልበት ካልያዘለት ቆሞ፣
ሚስት ሲያገባ ማታ ምን ሊሠራ ደግሞ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደሳለኝም ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ና እንጂ ቴስታ! ይሄ እኮ በእጅ ነው፤ ወይስ ዱላውን ሙሽራዋ ትያዝልህ?» አለ ይሻው።

«ተው አንተ ይሻው! ልጄን ተወው፣ ቆሞ ይይ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«እንዴ እትዬ፣ ገና ጡት አልጣለም?»

ምሕረትአብ ወደ አያቱ ጎንበስ አለ። «እናና፣ አማቴ እያዩኝ እምቢ ልበል?» ብሎ ከአንዱ እጅ ዱላ ተቀበለና ገባ።

ሲሮጥ ማነከሱን ረሳው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ዱላ ከዱላ በተጋጨ ቁጥር «ማርያም፣ አንቺው ያዥልኝ» ይላሉ። ይሻው ሩሯን ከሥር ገብቶ ሲመታት ወደ ሰማይ ተነሣች። ያን ጊዜ ምሕረትአብን የለመደ ገላው ጠራው። ዱላውን ለቀቀ፣ ወደ ላይ እያየ ሁለት እርምጃ አፈገፈገ፣ ያችን እንደ ድንጋይ የደረቀች እንጨት ሊገጭ ግንባሩን ሰጠ።

«ራስህን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ራስህን አሽሽ! አንዲት ምት ትበቃዋለች ብሏል ሐኪሙ! ራሱ ነው የታመመ፣ እንዳትገድሉብኝ!»

ምሕረትአብ ደንግጦ ዞረ፤ ሩሯ ከኋላው መሬቱን ሰነጠቀችው።

አቶ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ቀስ ብለው አጣፉ።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ጉልበቱን ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ጉልበቱንም… ጉልበቱንም ነው ጌታዬ።»

«እንግዲህ እግዜር ይማርልዎ። ለልጄ አስታማሚነት አልተመኘሁላትም» አሉና ወደ መኪናው መንገድ አቀኑ። ዞረውም አላዩ።

ይሻው እስኪርቁ እንኳ አልጠበቀም፦

«ጉልበቱ ነው ብለን ስናዝንለት ለእግሩ፣
ለካ ላይኛው ቤት ነው የላላው ማገሩ!»

ሰው ሳቀ። ምሕረትአብም እንደ ደንቡ ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ። ወይዘሮ ፈንታነሽ እጁን ሊይዙ ሲሮጡ አልፏቸው ሄደ፣ ዱላውን አንሥቶ ወደ ሩሯ ተጠጋ።

«ተዉት፣ ማንም እንዳይነካው» አለ ይሻው፣ እየቀለደ ሳይሆን። «የነፍስ ዕዳ እንዳንገባ።»

ሁሉም ዱላውን አውርዶ ግራና ቀኝ ተከፈለለት። መታት፤ የሚከተለው የለም። ደግሞ መታት፤ የሚከላከል የለም። ብቻውን እየነዳ መስኩን አቋርጦ ግብ አገባት። አንድ ሰው እንኳ አልጮኸም፤ አልተሳደበምም። ጥቂት ቆመና ሩሯን አዙሮ፣ አሁንም ብቻውን፣ ወደ ማዶው ግብ ይነዳት ጀመር።