አልበስል ያለው ታማሌ

በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው የበቆሎ ታማሌ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ኤውፍሮሲና አንዱን አውጥታ የሙዝ ቅጠሉን ገለጠች። የበቆሎው ሊጥ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ጥሬ ነው።

«አሁንም?» አለች እህቷ ኤርሜሊንዳ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«አሁንም።»

እንግዶቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ከዋና ከተማው፣ የኦሃካ አውራጃን ጥቁር ሞሌ በታማሌ ሊቀምሱ። ቃሪያው፣ ሰሊጡና ቸኮሌቱ አብሮ የሚፈጭበት ይህ ወጥ እናታቸው ዶኛ ካሲልዳ ስም ያተረፈችበት ነው። እሷ ግን በመጋቢት ሞታለች። አስጎብኚው ኡባልዶ ቁርጡን ተናግሯል፦ ዛሬ ከወደዱት በየቅዳሜው እንግዳ ያመጣል፤ ካልወደዱት ሌላ ቤት አለ። ያኔ ኤውፍሮሲና ማድቤቱን ዘግታ፣ የሰው ልብስ ልታጥብ ከተማ ትወርዳለች።

የተቆጣ ሰው ባለበት ቤት ታማሌ አይበስልም። ይህን የማያውቅ የለም። እህትማማቾቹ የሚደረገውን ሁሉ አድርገዋል። በድስቱ ጆሮዎች ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሪያውን ጨፍረዋል፤ ስለ ተሰበረ ሳህንና ስለ ክፉ ምላስ ይቅር ተባብለዋል።

ኡባልዶ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ጠዋት ከሚስቴ ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ውጣልና!» አለችው ኤርሜሊንዳ።

«እሺ እመቤቴ፣ ቁጣዬን ይዤ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ።»

ወጣ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ጥሬ።

በመጨረሻ ጎረቤታቸውን ዶኛ ትሪኒዳድን ጠሩ። አሮጊቷ ድስቱን አልከፈተችም፤ ጆሮዋን ሰጠችው። ታማሌ የሚቀቅል ሰው ድስቱ ውስጥ ከውሃው ሥር ሳንቲም ይጥላል፤ ውሃው እየፈላ እስካለ ሳንቲሙ ይንቃጨላል፣ ዝም ካለ ውሃ ይጨመራል።

«እሳቱን አጥፉት» አለች።

«ዶኛ፣ እንግዶቹ እኮ…»

«አጥፊው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ኤውፍሮሲና እንጨቱን ጎትታ አወጣች፤ ፍሙ ላይ ውሃ ቸለሰች። ምድጃው ጠቆረ። ሳንቲሙ ግን አላቆመም። እንዲያውም ጠንከር ብሎ ይመታ ጀመር፤ ሦስት ጊዜ፣ ዝም፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ዶኛ ካሲልዳ ስትናደድ ጠረጴዛውን በጣቷ የምትቆረቁረው እንዲህ ነበር።

ኤርሜሊንዳ አማተበች። «እዚህ ከእኛ ከሦስታችን ሌላ ማንም የለም!»

አሮጊቷ ኤውፍሮሲናን ነበር የምታየው።

ሳንቲሙ መምታቱን ቀጠለ። ሦስት ጊዜ፣ ዝም፣ ሦስት ጊዜ።

«ኤርሜ» አለች። «እማ በእንቅልፏ አይደለም የሞተችው።»

«ምን አልሽ?»

«ሦስት ቀን አጣጥራለች። ሦስቱንም ቀን ስምሽን ስትጠራ ነበር። አንቺ ሩቅ ነበርሽ፤ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩልሽም።»

«ለምን?»

«የሞሌውን አሠራር ልትነግርሽ ነበር። ለእኔ ብቻ እንዲቀር ፈልጌ ነው።»

መቆርቆሩ ቆመ። ዶኛ ትሪኒዳድ ክዳኑን አንስታ አንድ ታማሌ አወጣች። ቅጠሉ ያለ አንዳች ችግር ከሊጡ ተላቀቀ። በስሏል። እሳት በሌለበት ምድጃ ላይ በስሏል።

«ሦስት ቀን» አለች ኤርሜሊንዳ። በሕይወቷ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ ታማሌው ግን ወደ ጥሬነቱ አልተመለሰም። ለካ ማድቤቱን ይዞ የቆየው ቁጣ የእናታቸው ነበር።

ሽርጧን ፈታች። ሁለት ታማሌ በጨርቅ ጠቀለለች።

«ወዴት ነሽ?» አለች ኤውፍሮሲና።

«መቃብሯ ጋ። ስትጠራኝ ነበር አላልሽም?»

«እንግዶቹስ?»

«አብያቸዋ! አሠራሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እንግዶቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። ድገሚን አሉ። ኡባልዶ ፊቱ በርቶ ወደ ማድቤት ገባ።

«ለመጪው ቅዳሜ ሃያ ሰው! ምን ትያለሽ?»

ኤውፍሮሲና በመስኮቱ ወደ መቃብር የሚወስደውን መንገድ ታይ ነበር። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«ኤርሜሊንዳን ጠይቃት» አለችው። «ስትመለስ አሠራሩን አንድ በአንድ እነግራታለሁ። እሷ እምቢ ካለች፣ እኔ ብቻዬን እዚህ እሳት አላነድም።»