አራት የመደርደሪያ ብረት

«አትፍሪ፣ ተንጠልጠይበት!» አለ የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት፣ ለማሳያ ግድግዳ ላይ ያሰረውን የመደርደሪያ መሸከሚያ እየደበደበ።

ልብስ ሰፊዋ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም። ቀጭኑንም ሞክራው ነበር፤ እሱ ገና ስትነካው ጎበጠ። ጣቃ ጨርቅ ደግሞ ሲደራረብ ቀላል ሸክም አይደለም።

«ወፍራሙን አራት ስጠኝ። ግድግዳችን ፍርፋሪ ነው፤ ረጃጅም ብሎንም ጨምርልኝ።»

«ጎበዝ! ባልንጀራሽ ሚጣም ትናንት ይሄንኑ ነው የወሰደችው። ለአዲሱ ሱቋ አሥራ ሁለት ገዛች።»

«የቱ ሱቅ?»

ሰውየው ብሎን መቁጠሩን አቆመ። «ማዞሪያው ጋ ያለው ነዋ። አልነገረችሽም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ሚጣ እየቆረጠች እሷ እየሰፋች፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። መደርደሪያ ይሠራ ያለችውም ሚጣ ነበረች። «ቁም ሳጥኑ አረጀ፤ ጣቃው ግድግዳ ላይ ይውጣ» ስትላት አሳቢነቷን አድንቃ ነበር። ቁም ሳጥኑ የሚጣ ነው። መንገዱን ስትሻገር ነገሩ በራላት፤ ልትወስደው ነው። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ማፈር የነበረበት አታላዩ ነው፤ ግን ሁሌም የሚያፍረው የተታለለው ነው።

ሱቅ እንደደረሰች በውሃ ልክ እያስተካከለች ግድግዳው ላይ አሰመረች፣ በድሪል በሳች፣ አራቱን ብረቶች አሰረች። ሚጣ ጣውላውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ደገፈችላት፤ እሷም በርጩማ ላይ ቆማ ከሥር በብሎን ታጠብቀው ጀመር።

«እጅሽ ይባረክ እታለም! ዝሆን ቢወጣበት አይወድቅም።»

«ማዞሪያው ጋ ያለውስ? ደህና ተሠራ?»



«እታለም... ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ይሄ ሲያልቅ። ዕቃ ማስቀመጫ እንኳ ሳይኖርሽ ጥዬሽ እንዳልሄድ ብዬ እኮ ነው።»

«ደንበኞቹስ?»

ሚጣ አቀረቀረች። «ለአንዳንዶቹ ልብሳችሁን ከዚያ ውሰዱ ብያቸዋለሁ።»

«እኔ የሰፋሁትን?»

 ሚጣ የወለደች ጊዜ ሰፊዋ ሁለት ወር ሙሉ የሁለቱንም ሥራ ብቻዋን ሠርታለች፤ አንድ ደንበኛ እንኳ እንዳይሄድባት ብላ። መሄዷን ይቅር ትላት ነበር፤ ሰው ይገናኛል፣ ይለያያል። ያንገበገባት ፊት ለፊቷ «እታለም» እየተባለች ከጀርባዋ መዘረፏ ነው።

«ሱቅ ብንለይም ያው እህቴ ነሽ» አለች ሚጣ። «እንደ ድሮው እየገባሁ እየወጣሁ አግዝሻለሁ።»

አንድ ብሎን ቀርቷል። ሰፊዋ ካቻቢቴዋን አስቀምጣ ከበርጩማው ወረደች። የሚጣ ሁለቱም እጆች ጣውላው ላይ ነበሩ። ከሚጣ ሽርጥ ኪስ የጋራ ሱቃቸውን ቁልፍ አወጣችና የራሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው እታለም?»

«ትንሽ ደግፊልኝ፤ እየጨረስኩ ነው» አለቻትና በርጩማው ላይ ተመልሳ ወጣች።