ደኑን የጠረገው ሰው

ደን ጠባቂው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ደኑን እንደ ሳሎን ቤት ሲጠርግ ኖሯል። የወደቀ ግንድ ካየ ይጎትታል፣ የረገፈ ቅጠል ካየ በመጥረጊያ ይሰበስባል። አለቆቹ በመጡ ቁጥር "እንዲህ ነው እንጂ!" ይሉታል። ታዲያ ነገ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ሲባል ምን ያድርግ? ሦስት ቀን ወገቡ እስኪቆረጥ አጸዳ። ከጅረቱ ማዶ የነበሩትን የበሰበሱ ግንዶች አንድ ሳያስቀር በጋሪ ጭኖ ጓሮው ከመራቸው።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ መጣች። ሸረሪት የምታጠና ልጅ ናት። ባለፈው ወር እዚያው ማዶ ጥፍር የምታክል ሸረሪት አግኝታ "አባባ፣ ይቺ ሌላ የትም የለችም!" እያለች እንደ ሕፃን ስትዘል አይቷታል። ደኑ ይቆረጥ ወይስ ይተው ብለው የሚወስኑት እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ነገ ሸረሪቷን በዓይናቸው ካላዩ መጋዙ ይገባል።

ልጅቷ ጅረቱን ተሻግራ ግራ ቀኙን አየች።

"አባባ፣ ግንዶቹስ?"

"አነሳኋቸዋ! አያምርም?"

መሬት ላይ ዘጭ አለች።

"ምነው ልጄ? ምን አጠፋሁ?"

"ቤቷን'ኮ ነው ያነሱት! ከበሰበሰ ግንድ ስር በቀር የትም አትኖርም።"

ዞረበት። ደን ጠብቅ አሉት፣ ጠበቀ። ደን የሚጠበቀው ከነቆሻሻው ነው እንዴ? ታዲያ ሳሎኑ የተሰቀለው የምስጋና ወረቀት የምን ነው? አንድም አልገባውም።

"የት ወሰዷቸው?" አለች ልጅቷ።

"ጓሮ..." አለና ደነገጠ። ዛሬ ሚስቱ ልብስ ታጥባለች። "ወይኔ ጉዴ!" ብሎ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ሮጠ፤ ልጅቷም ተከተለችው።

ሚስቱ በርሜል ጥዳ እሳቱን ታቀጣጥላለች።

"አጥፊው! ቤት ነው የምታነጂው!"

"የምን ቤት? ጠዋት 'ማገዶ አመጣሁልሽ' ብለህ ደረትህን የነፋኸው አንተ አይደለህ?" ወደ ባለሙያዋ ዞረች። "ልጄ፣ ፀሐይ መታው እንዴ?"

ጠባቂው የልብሱን ውሃ አንስቶ እሳቱ ላይ ደፋው። ከክምሩ የተረፉት አራት ግንዶች ብቻ ነበሩ።

ባለሙያዋ ተንበርክካ ቅርፊቱን በጣቷ ቀስ እያለች ገለጥ አደረገች። አንደኛው ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ እጇ ቆመ።

"ይምጡ አባባ።"

ቡናማ፣ ኢምንት ነገር፣ ነጭ የእንቁላል ከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች።

"ይቺን ነው?" አለ። "ይቺንማ ስንቷን በመጥረጊያ..." አልጨረሰውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግንዶቹን መልሰው ጫኑ። ሚስቱ ጋሪውን ከኋላ እየገፋች "ሳይጠሩህ አቤት፣ ሳይልኩህ ወዴት!" ትለዋለች። ሸረሪቷ ያለችበትን ግንድ ባለሙያዋ ራሷ አቅፋ ወስዳ ከጅረቱ ማዶ አስቀመጠችው። የቀሩትን ሦስቱን ጠባቂው ከዚያ ግንድ አጠገብ በመስመር ደረደራቸው።

"እንደዚያ አይደለም አባባ፣ ወድቀው እንደቀሩ ይሁኑ።"

ሞከረ። እጁ እምቢ አለ፤ በሄደ በመጣ ቁጥር ያቃናቸዋል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ገፋቸው። ተንከባለሉና አንዱ ባንዱ ላይ ተንጋደው ቆሙ። ሊያስተካክላቸው እጁ ተነሳ። ኪሱ ከተተው።